መጀመሪያ መምህሩ አፉን ይፍታ

(አራት ኪሎ አካባቢ በተካሄደ የመምህራንና የወላጆች መድረክ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን ላኪልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ። ያሳጠርኩት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

እንደምን አረፈዳችሁ!

ኧረ አልሰማሁም። ቅዳሜ ጠዋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን መምህራን ናችሁ፣ ድምፅ አላችሁ። እንደምን አረፈዳችሁ! እሺ፣ አሁን ተሰማ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ወላጆች፤ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ድሮ ከካዛንቺስና ከፒያሳ በእግራችሁ ትመጡ ነበር። አሁን ሰፈሩ ተነስቶ ሁለት ታክሲ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት። ተማሪዎቻችሁም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ መሃል ላይ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርጋችሁ አልቀየምም።

ርዕሱ ከኋላዬ ባነሩ ላይ ተጽፏል። አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ጾታዊና ሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት፣ በተለይ ስለ መምህራኑ ሥልጠና እንዲናገሩልን» ሲሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «ሰው አጠገባችሁ አለ እንዴ?» አልኳቸው። የለም! ቢሮ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው! (ሳቅ) ብቻችንን ሆነንም እንሾካሾካለን ማለት ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ይሄን ትምህርት ለምን መምህሩ ይስጥ? ሁለተኛ፣ እስካሁን የምናውቀው ሥልጠና ምን ሆኖ ነው ክፍል ውስጥ የማይታየው? ሦስተኛ፣ ታዲያ ምን ዓይነት ሥልጠና? መጀመሪያው ላይ ቶሎ እላለሁ፤ እናንተን ማሳመን አያስፈልገኝም መሰለኝ። ሆዴን የሚበላኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

እሺ፣ አንደኛው።

ልጆቻችን እየተማሩ ነው። ስለ ወሲብ እየተማሩ ነው። ከማን? ከቴሌግራም ግሩፕ፣ ከቲክቶክ፣ ከሰፈር ጎረምሳ፣ ከሽንት ቤት ግድግዳ። እናንተ ብትናገሩም ባትናገሩም ትምህርቱ ቀጥሏል፤ የቀረው አስተማሪ እናንተ ብቻ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ እውቀት ያላቸው ወጣቶች ስንት እንደሆኑ ጠይቆ ነበር። ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶ፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ። እስቲ አስቡት፤ በሽታው አገራችን ውስጥ ከታየ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ማለት ነው! ያ ሁሉ ቢልቦርድ፣ ያ ሁሉ ድራማ፣ ያ ሁሉ ቲሸርት!

በዚያው ዳሰሳ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች መካከል የወለዱ ወይም ያረገዙት በአገር ደረጃ 13 በመቶ ነበሩ። አፋር ላይ 23፣ አዲስ አበባ ላይ 3። አዲስ አበቤው «እኛማ ደህና ነን» ይላል፣ አይደል? ከመቶ ሦስት እንግዲህ ምንድን ነው። በአንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንት ሴት ተማሪ እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። ሂሳቡን ለሂሳብ መምህራን ትቼዋለሁ።

«ብናስተምራቸው እንዲጀምሩት መገፋፋት አይሆንም ወይ?» የሚል አለ። ቅን ጥያቄ ነው፣ አልስቅበትም። ዩኔስኮ በዚህ ትምህርት ላይ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ በ2018 አሻሽሎታል። ለማሻሻያው ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች ታይተዋል። ትምህርቱ ልጆች ቶሎ እንዲጀምሩ አላደረገም። እንዲያውም ማዘግየቱና ጥንቃቄ መጨመሩ ነው የታየው። ግን እዚያው ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ሁላችንም የምናልፈው ነገር፤ ሰርቷል የተባለው ትምህርት አስተማሪዎቹ ተመርጠው፣ በደንብ ሠልጥነው፣ በኋላም ድጋፍ እያገኙ የሰጡት ነው። ወረቀት በማደል የመጣ ለውጥ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረው። የክበቡ ኃላፊ መምህር ጎበዝ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ግን የተሰጣቸው ማስተማሪያ ምን ነበር? አጥንቱ የወጣ ሰው ፎቶ። በሚኒ ሚዲያ በየእረፍቱ «ኤድስ ይገድላል!» ይባላል። እኛ ፈራን፣ በጣም ፈራን። ከዚያስ? እረፍት አለቀ፣ ገባን። እንዴት እንደሚተላለፍ ብትጠይቁን በመርፌና በምላጭ እንላለን። ዋናው መንገድ ሲደርስ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። መምህራችንም ጭምር!

አሁንስ? አሁን ሥልጠና አለ። ከላይ ጥቂት ሰዎች ይሠለጥናሉ፣ እነሱ ሌሎች ያሠለጥናሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ድረስ ያወርዱታል። አቦል ላይ ያለው ጥሩ ነው፤ ሰው ይከራከራል፣ ይለማመዳል። ቶናው ላይ ፓወር ፖይንቱ ብቻ ይቀራል። በረካው እናንተ ጋ ሲደርስ ሰኞ በሻይ ሰዓት ስታፍ ሩም ውስጥ ነው፤ አንዱ ቆሞ «ያው የሥነ ተዋልዶ ሥልጠና ወስጄ መጥቻለሁ፣ ማኑዋሉ ላይብረሪ አለ» ይላል። አለቀ።

ደግሞስ ማን ነው የሚላከው? እውነቱን እንነጋገር። ተራው የደረሰው ነው። «እሱ ባለፈው አበል አላገኘም፣ ይሂድ» ይባላል። ሰው አበል ማግኘቱን አልቃወምም፣ የመምህር ደሞዝ ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ልጆች ችግራቸውን የሚያዋዩትን መምህር እያንዳንዳችሁ ታውቁታላችሁ። በየትምህርት ቤቱ አለ። የባዮሎጂ መምህር ላይሆን ይችላል። አማርኛ ያስተምራል፣ ስፖርት ያስተምራል፣ አንዳንዴ የላይብረሪ ሠራተኛዋ ናት። ሥልጠናው ላይ የምናጣው ያንን ሰው ነው።

የሥልጠናው ይዘት ላይም ግር የሚለኝ ነገር አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ለባዮሎጂ መምህር የማሕፀን ቱቦ የት እንዳለ ይነገረዋል። እሱ እኮ ያውቀዋል! ተመርቆበታል! የቸገረው ሌላ ነው። ክፍሉን ልንገራችሁ፣ ሁላችሁም ገብታችሁበታል። የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ደርሷል። ተማሪው መጽሐፉን አስቀድሞ ገልጦ ሥዕሉን አይቶታል፤ ሥዕሉ ላይ በእስክሪብቶ ፂም የተሳለበት መጽሐፍም አለ። መምህሩ ይገባል። ፊቱን ወደ ቦርዱ ያዞራል፣ ሙሉውን ፔሬድ ለቦርዱ ያስተምራል። ከኋላ አንዱ ያስላል። ሌላው ሳቁ ያመልጠዋል። መምህሩ «ማነው እሱ? ውጣ!» ይላል። አሥር ደቂቃ ሲቀረው «የቀረውን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ይወጣል።

ይሄ መምህር ሰነፍ ነው? አይደለም። ፎቶሲንተሲስን ሲያስተምር ብታዩት ትደነቃላችሁ። እውቀት አልጎደለውም፣ አፉ ነው ያልተፈታው። አፍ ደግሞ በፓወር ፖይንት አይፈታም።

እንግዲህ ሦስተኛው ነጥብ፣ ምን ዓይነት ሥልጠና?

መለማመድ። በድምፅ መለማመድ። ሰው ፊት ቆሞ መለማመድ። እኔ በማሠለጥንበት ጊዜ የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ኖት የለም። ተማሪዎች ትምህርት ቤት በተቀመጠ የጥያቄ ሳጥን ውስጥ ስም ሳይጽፉ የከተቷቸው ጥያቄዎች በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው ይመጣሉ። አንድ አንድ ያነሳሉ። ቆመው፣ ወደ ሰው እያዩ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። መልሱ ለከሰዓት ነው። ጠዋት ማንበብ ብቻ። ቀላል ይመስላል አይደል?

አንድ ጊዜ ፀጉራቸው የሸበተ የሂሳብ መምህር ነበሩ። ወረቀቱን ከፈቱት፣ በልባቸው አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። «ጋሼ፣ ያንብቡልን» አልኳቸው። «መነጽሬን ረስቼዋለሁ» አሉ። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነው! (ሳቅ) ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው ላብ በላብ ሆነው አነበቡት። ከሰዓት ላይ ከሁሉም በላይ ደፋሩ እሳቸው ሆኑ። ለምን? ስላፈሩና አፍረው ስላልሞቱ። እፍረቱ ተማሪ ፊት ከሚመጣ ሥልጠናው ላይ ወጥቶ ቢያልቅ ይሻላል።

ጥያቄዎቹ ምን ይላሉ? ጥቂት ላንብብላችሁ። የጻፈው እንዳይታወቅ አጻጻፋቸውን ቀይሬያለሁ። ወላጆች፣ ትንሽ ጠበቅ በሉ።

«ቲቸር፣ በመሳሳም ይረገዛል?» ይሄ የብዙዎች ነው።

«ሴቶች ቆሻሻው በወር አበባ ይወጣላቸዋል፣ የኛስ የወንዶቹ የት ይሄዳል?» አትሳቁ! ልጁ ከልቡ ነው የተጨነቀው። ብዙ አዋቂም እንዲህ ነው የሚያስበው። መልሱ አጭር ነው። የወር አበባ ቆሻሻ አይደለም። ማሕፀን ለፅንስ ያዘጋጀው ሽፋን ፅንስ ሳይመጣ ሲቀር ተልጦ ይወጣል፣ በቃ። ወንድ ማሕፀን ስለሌለው የሚወጣለት ነገር የለም። ይሄን አንድ መምህር በደህና ድምፅ ሲናገረው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለች ልጅ ሁሉ ትከሻዋ ቀና ይላል።

«ሌሊት ሌሊት ይፈሰኛል፣ በሽታ ነው?» ሕልመ ሌሊት ነው። ጤነኛ ነህ የሚለው ሰው አጥቶ ወራት የሚጨነቅ ልጅ አለ። ስለ ሴቶቹ ስናወራ ወንዶቹን ረስተናቸዋል።

«ፖስት ፒል በየሳምንቱ ቢወሰድ ምን ያመጣል?» ይሄን ስታነቡ ምን ትላላችሁ? «ማናት ይሄን የጻፈችው!» ትላላችሁ፣ አይደል? እዚህ ላይ ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው። ማን እንደጻፈው መፈለግ የለም። መልሱ ይሄ ነው፤ በተቻለ ፍጥነት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒት ነው። የሚሠራው እንቁላሏ እንዳትወጣ በማዘግየት ነው። ለዘወትር አልተሠራም፣ ከኤች አይ ቪም ሆነ ከሌላ የአባላዘር በሽታ አይከላከልም። ሌላው ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ነው። ከዚያ ስብከት ብትጨምሩ ቀጣዩ ሳምንት ላይ ሳጥናችሁ ባዶ ይሆናል። አረጋግጥላችኋለሁ።

አንድ ደግሞ አለ። «አጎቴ የሚያደርገኝን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል። ኃጢአቱ የማን ነው?»

…

ሳጥን ስታስቀምጡ ይሄ እንደሚመጣ አውቃችሁ አስቀምጡ። ይሄ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ያልተነገረው መምህር ሳጥን ባያስቀምጥ ይሻላል። ስለዚህ የሥልጠናው ግማሽ ቀን ለዚህ ብቻ መሆን አለበት እላለሁ። ልጅቷ ቀርባ ከነገረችሽ ስሚያት። «እውነትሽን ነው?» አይባልም። «ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ?» አይባልም። እንደ መርማሪ ደጋግሞ ማስተረክ የለም። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባትም የለም፣ ምክንያቱም መናገር አለብሽ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ነግረሽኝ ጥሩ አደረግሽ» በያት፤ ይሄ ይበቃል።

ከዚያ ሰዓቱ ይቆጠራል። ድርጊቱ በቅርብ ከሆነ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ሲቀድም ይሻላል። «እስቲ ሰኞ ስብሰባ ላይ እንነጋገርበት» የሚባል ነገር የለም። ገላ ሳትታጠብ፣ ልብስ ሳይታጠብ ሐኪም ዘንድ። እዚሁ ቅርባችን፣ ከስታዲየም ብዙም ሳይርቅ፣ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ ምክሩን፣ ፖሊሱንና ዓቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ። በዚህ ክፍል ካላችሁት መምህራን ስንቶቻችሁ ታውቁት ነበር? እጅ አውጡ እስቲ። … አያችሁ? የመምህሩ ጥፋት አይደለም። ማንም አልነገራችሁም።

ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ ደግሞ አለ። እባካችሁ! በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር የሚፈጸም ወሲብ ወንጀል ነው። ወዳ ነው፣ ፈቅዳ ነው የሚባል ነገር የለም። ሕጉ ተጎጂዋ የአድራጊው ተማሪ ወይም በእሱ ኃላፊነት ሥር ያለች ከሆነች ቅጣቱን ያከብደዋል። ይሄንን ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው። መምህራን መሃል ስላለሁ። «ማርክ እሰጥሻለሁ» የሚል ባልደረባ አጋጥሟችሁ ዝም ካላችሁ፣ ነገ ክፍል ገብታችሁ ስለ ጥቃት ስታስተምሩ ተማሪው በሆዱ ምን እንደሚል አስቡት። የሥነ ምግባር ደንቡ የሥልጠናው የመጀመሪያ ገጽ ይሁን፣ የመጨረሻ አባሪ አይሁን።

ቀለል ወዳለው ልመለስ፣ ፊታችሁ ከበደ።

ወንድ መምህራን፣ ይሄ የእናንተ ነው። ሹራቧን ወገቧ ላይ ያሠረች ልጅ ክፍል ውስጥ አለች። «ውጪና ሥሪው» ትሏታላችሁ። «ቲቸር አልችልም» ትላለች። «ለምን?» ዝም። «ለምን ነው የምልሽ?» ከኋላ ሳቅ ይሰማል። መምህሩ ተደፈርኩ ብሎ ዜሮ ይጽፍባታል። ልጅቷ ከዚያ በኋላ በዚያ ፔሬድ አትታይም። ሥልጠና ላይ ይሄንኑ እናስመስላለን፣ ወንዱ መምህር ልጅቷን ሆኖ ይጫወታል። አንድ ጊዜ መጫወት ይበቃዋል። ትክክለኛው መልስ ምን መሰላችሁ? «እሺ ተቀመጪ፣ ሌላ ሰው» ብቻ ነው። ሞዴስ ቢሮ መኖሩን ማስታወቅ ከተጨመረበት ደግሞ እሰየው።

ስለ ወላጆችም ትንሽ ልበል። ሰዓት እያዩብኝ ነው፣ አውቃለሁ፣ አምስት ደቂቃ ስጡኝ።

አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሱ። «እህቴ፣ ልጄ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ዓይኗን ልትገልጡብኝ ነው ወይ? ይሄ ከውጭ የመጣ ነገር ነው ይባላል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ምን ላድርግ? የዕድሜዋን ትምህርት ሰጠኋቸው፣ ወረቀቱን እንዳለ። ቆመው አነበቡት። «ይሄ እኮ ስለ ገላና ስለ ንጽሕና፣ ደግሞ እምቢ ስለማለት ነው» አሉ። አዎ ነው። ወደ ኋላ ገልጠው ስለ ኮንዶም የሚለው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን «በዚህኛው አልስማማም» አሉ። የትልልቆቹ ክፍል ትምህርት መሆኑን ነገርኳቸው። አሁንም አልተስማሙም። ግን ለባለቤታቸው አንድ ኮፒ ጠይቀው ሄዱ። እኔ ይበቃኛል። ሁሉም ወላጅ ሁሉንም ገጽ ይወዳል ብላችሁ አትጠብቁ። መደበቅ ነው የሚያጣላን። ማኑዋሉን ላይብረሪ ቆልፋችሁበት ወላጅ ቢጠረጥር ምኑ ይገርማል?

ደግሞ ወላጅ መምህር ያምናል። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ሲጀምር «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ያልሰማ አለ? እናት ማንን ልትጠይቅ ትምህርት ቤት መጣች? ሆም ሩሙን። «እኔ እንጃ፣ ጤና ጣቢያ ጠይቂ» ያለም ነበር፣ «ልጄንም አስከትቤያለሁ» ያለም ነበር። ልዩነቱን እናንተው ገምቱት።

ርዕሳነ መምህራን፣ ከእናንተ የምፈልገው ፔሬድ ነው። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በፀሐይ የሚነገር አምስት ደቂቃ ፔሬድ አይደለም። ፕሮግራም ላይ የተጻፈ፣ በር የሚዘጋበት ሰዓት ስጡን። ወደ ሥልጠና ስትልኩም ሁለት ላኩ፣ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፤ ሲመለሱ የሚያወሩት ሰው ይኑራቸው። መምህራን ለሚያፈሩት፣ ለኮተቤም ለሌሎቹም የምለው አንድ ነው፤ ዕጩ መምህሩ የመጀመሪያውን አሳፋሪ ጥያቄ እናንተ ዘንድ ይስማ፣ ሰባ ተማሪ ፊት አይስማው።

እኔ ጨርሻለሁ፣ እናንተ ግን አልጨረሳችሁም። ቅድም ሻይ ላይ ወረቀት የታደላችሁ መምህራን፣ ማንም እንዳይወጣ! (ሳቅ) የእያንዳንዳችሁ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ከፊት ረድፍ ከዳር እንጀምራለን። አዎ፣ እርስዎ፣ ባለ ሰማያዊ ኮቱ። ይነሱ፣ ወደ ሰው ዞር ይበሉና ጮክ ብለው ያንብቡልን።